እግሬን ያየ ሁሉ ዝም አለ

መጀመሪያ የጠበበኝ ጫማ ነው። «እግሬ አበጠ» አላልኩም፤ «ጫማዬ ጠበበ» ነው ያልኩት። ሰው ክፉ ነገር ሲጀምረው ጥፋቱን ወደ ዕቃ ያዞራል።

ዓይናዲስ እባላለሁ። የተወለድኩት ከቡሬ በእግር ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ፣ አፈሩ እንደ በርበሬ የቀላ የገጠር ቀበሌ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፍኖተ ሰላም ቤት ተከራይቼ ጨረስኩ። ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ ውጤት አልመጣልኝም። ቁጭ ማለት አይሆንልኝምና አዲስ አበባ የአጎቴ ልጅ ጋ ሄድኩ፤ አንድ ሆቴል የስፖርት ክበብ ውስጥ ፎጣ አዳይ ሆኜ ተቀጠርኩ። ከፎጣው መደርደሪያ ፊት ለፊት አንደኛው ግድግዳው መስታወት የሆነ ክፍል ነበር። ሁለት ሁለት ሰው እየገባ እስኪያልበው ይሯሯጥበታል። ጨዋታው ስኳሽ ይባላል። ትንሽ ጥቁር የጎማ ኳስ በራኬት ከፊት ግድግዳው ጋር ታላትሚያለሽ፤ ነጥሮ ሲመለስ ባላጋራሽ ይመታዋል፤ መሬት ላይ ሁለቴ የነጠረበት ሰው ነጥብ ይቆጠርበታል። በቃ ይኸው ነው።

አባላቱ ሲወጡ እኔ እገባ ነበር። አንድ ቀን አሰልጣኙ ከመስታወቱ ኋላ ቆሞ ሲያየኝ ደርሼበት ራኬቱን ጥዬ ልሮጥ ስል «ቁሚ! ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«ማንም» አልኩት።

«ይታያል» አለኝ። «ነገ አንድ ሰዓት ላይ ነይ።»

በዓመቱ የክበቡ ተከፋይ ተጫዋች ሆንኩ። በሁለተኛው ዓመት አገር ውስጥ ከሴት የሚቀድመኝ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ብዙም አልነበርንም። ናይሮቢ ድረስ ሄጄ ከኬንያና ከኡጋንዳ ልጆች ጋር ተጫውቻለሁ። በሕይወቴ ሙሉ «አንቺ ልጅ አርፈሽ ተቀመጪ» እየተባልኩ ነው ያደግሁት፤ አላርፍም በማለቴ ደመወዝ የተከፈለኝ እዚያ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

አገር ቤት ለበዓል ስሄድ ሥራዬን ለማስረዳት ፈተና ነበር። አጎቴ አያ ደሴ እንዲህ ይሉኛል፦

«እንግዲህ ግድግዳ ነው የምትመቺ?»

«ኳሱን ነው እንጂ አያ፤ ኳሱ ነው ግድግዳውን የሚመታው።»

«ግድግዳው ምን በደለሽ?»

«ይከፍሉኛል እኮ።»

«ይክፈሉሽ እንጂ! እኛ አገር ግድግዳ የሚደበድብ ሰው ጠበል ነው የሚወሰድ።»

ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም እስቅ ነበር።

ከናይሮቢ በተመለስኩ በሦስተኛው ወር ገደማ ቀኝ እግሬ ማታ ማታ መጋል ጀመረ። በጣቶቼ መካከል ያሳክከኛል። መርገጫዬ ፍም የረገጥኩ ያህል ያቃጥለኛል። ከልምምድ በኋላ ያብጣል፤ ጠዋት ስነሳ እብጠቱ የለም። ጠዋት የማይታይ ነገር ለማን ይነገራል? ስኳሽ ደግሞ እግር ይፈልጋል። ወደፊት ተወርውረሽ አንድ እግር ላይ ትወድቂያለሽ፣ ኳሱን ታነሺያለሽ፣ በዚያው እግር ገፍተሽ ወደ መሐል ትመለሻለሽ። እኔ የምወድቅበት እግር ቀኙ ነው።

ጠዋት ጠዋት መጉደሉን እያቆመ መጣ። ለቀኝ አርባ፣ ለግራ ሠላሳ ስምንት ቁጥር ሆነ። ሁለት ጥንድ ገዝቼ ከየጥንዱ አንዳንድ እያነሳሁ ሌላውን በጥቁር ፌስታል አስሬ እጥል ነበር፤ ማንም እንዳያየኝ ከሰፈሬ ራቅ ብዬ።

የክበቡ ወጌሻ እግሬን አገላብጦ «ወለምታ ነው» አለና በረዶ አሰረልኝ። ሁለት ሳምንት አረፍኩ። ስመለስ ባሰ። የግል ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙ ደሜን አስመርምሮ «ሪህ ይመስላል፣ ሥጋ አቁሚ» አለኝ። በዓመት ስንት ቀን ሥጋ እንደምበላ ቢጠይቀኝ ኖሮ ሁለታችንም እንስቅ ነበር። ሌላው ዘንድ ኩላሊቴ ታየ፤ ንጹሕ። ሌላው ዘንድ ደም ረግቶ እንደሆነ እግሬ በአልትራሳውንድ ታየ፤ ንጹሕ። ንጹሕ የሚለውን ቃል እስክጠላው ድረስ ሰማሁት። አንዱ ወጣት ሐኪም ውጤቶቼን ከደረደረ በኋላ «ጭንቀት ሊሆን ይችላል» አለኝ። ጭንቀት ጫማ ቁጥር ይጨምራል እንዴ?

የክሊኒክ ወንበር ላይ ተራ ስትጠብቂ የሰው ዓይን ከፊትሽ ወደ እግርሽ ይወርዳል። መጀመሪያ ያዝንልሻል። ቀጥሎ የራሱን እግር ከወንበሩ ሥር ሰብሰብ ያደርጋል። ቴሌቪዥኑ ይጮሃል፣ ቁጥር ይጠራል፣ ያንቺ ቁጥር አይደለም። እኔ እንደዚያ ዓይነት ወንበር ላይ ስምንት ወር ተቀምጫለሁ።

እዚህ ጋ የራሴን ጥፋት ካልጻፍኩ የሌላውን ለመጻፍ አፍ የለኝም። በስምንተኛው ወር አንዲት በዕድሜ ጠና ያለች ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። የወሰደችኝ ከክበቡ አባላት አንዷ ናት፤ በመኪናዋ። አብራኝ ገብታ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ለዚህች ሴትና ለክበቡ ሰዎች ሁሉ ሦስት ዓመት ሙሉ ስነግር የኖርኩት የባሕር ዳር ነጋዴ ልጅ ነኝ እያልኩ ነው። ሐኪሟ እግሬን አየች፣ የጣቶቼን ሥር ነካች፣ ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሻክሮ ነበር። ከዚያ ቀና ብላ ጠየቀችኝ፦

«የት ነው ያደግሽው?»

«ባሕር ዳር።»

«ከተማ ውስጥ?»

«አዎ፣ ከተማ።»

«ልጅ እያለሽ ጫማ ታደርጊ ነበር?»

ሳቅሁ። ያቺን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማታለሁ። «እንዴ! አደርግ ነበር እንጂ!»

ሐኪሟ ያልኳትን ጻፈች፤ ለሌላ ምርመራ ላከችኝ። እኔ እስከ ሰባተኛ ክፍል ድረስ በባዶ እግሬ ቀይ ጭቃ ውስጥ ጤፍ ሳርም፣ በርበሬ ስለቅም ነው ያደግሁት። በሽታዬን ልትይዘው አንድ ጥያቄ ነበር የቀራት። በሩን የዘጋሁባት እኔ ነኝ፤ ከገጠር መምጣቴ ከበሽታው በላይ አሳፍሮኝ።

አሰልጣኜ በመጨረሻ «ቤተሰብሽ ጋ ሄደሽ እረፊ» አለኝ። ከክረምቱ በኋላ ለምሥራቅ አፍሪካው ውድድር የሚሄዱ ልጆች ይመረጣሉ። «እስከዚያ በሁለት እግርሽ ከመጣሽ ቦታሽ አለ። ካልመጣሽ አልዋሽሽም፣ የለም።» ሰባት ወር ነበረኝ። ራኬቴን በልብስ ጠቅልዬ ቡሬ ገባሁ።

በእኛ ቤት ከመንገድ የመጣ ሰው እግሩ ይታጠባል። ትንሽ ሆኜ አባቴ ከእርሻ ሲገባ እግሩን የማጥበው እኔ ነበርኩ፤ እንግዳ ሲመጣም እኔ። የእናቴን እግር ግን አጥቤ አላውቅም። ውሃ ባቀረብኩላት ቁጥር «ተይኝ፣ አልደከመኝም» ትላለች። ካልሲና የጎማ ጫማ አድርጋ ትውላለች፣ ከሁላችን ኋላ ትተኛለች፣ ከሁላችን በፊት ትነሳለች። ልጅ ስለሆንኩ አልገረመኝም።

ያን ቀን እንግዳዋ እኔ ነበርኩ። እናቴ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርባ ካልሲዬን ራሷ አወለቀችልኝ። እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ብዙ ቆመ።

«ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችኝ።

«ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ለማን አሳየሽው?»

ያምሻል ወይ አላለችኝም። ማን እንዳየው ነው የጠየቀችኝ።

«ለሐኪም ነዋ!»

«እዚህ ያየሽ ሰው አለ? ከመኪና ስትወርጂ?»

«እማ፣ ምንድን ነው ይሄ? ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«ወለምታ ነው። ሰው ከጠየቀሽ ወለምታ ነው በይ።»

«ወለምታ ነው ወይ ነው የምልሽ?»

«በይ አልኩሽ!»

ምክንያቱን በማግስቱ ሰማሁ። ታናሽ እህቴ ውባለም ልትታጭ ነው። የልጁ ቤተሰብ የደህና ሰው ቤት ነው፣ መንገድ ዳር ካለች አንዲት ከተማ። የከተማዋንም የሰዎቹንም ስም አልጽፍም። በእኛ አገር ልጅ ከመስጠትና ከመቀበል በፊት ዘር ይቆጠራል፤ ዝምድና እንዳይኖር፣ ደግሞም በዘር «ክፉ በሽታ» እንዳይኖር። የእኔ እግር ከእህቴ ሰርግ ፊት ቆሞ ነበር። እኔ አላወቅሁም እንጂ።

እናቴ ለስሙ ቡሬ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። አያ ተሰማ ይባላሉ፤ ስንት የተሰበረ የጠገኑ ሽማግሌ ናቸው። ቅቤ ቀብተው አውራ ጣታቸውን ጫን አደረጉ። የጫኑበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። እኔን ሳይሆን እናቴን አዩ።

«ወለምታ ነው አይደል አያ?» አለች እናቴ።

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «አንቺ ካልሽ ወለምታ ነው» አሉ። «የእኔ እጅ ግን አያሽረውም። ጠበል ውሰጃት።» የሰጠናቸውንም አልተቀበሉም።

ጠበል ገባሁ። አያ ደሴ ያን ቀልዳቸውን አልደገሙትም፤ ቢደግሙት ይሻለኝ ነበር። ጠበሉን አልወቅስም፤ እምነቴ ነው፣ ዛሬም እጠመቃለሁ። ግን ጫማ አውልቄ፣ በዚያው ባሳመመኝ ቀይ ጭቃ ላይ፣ ሁለት ሱባኤ ሙሉ ጠዋት ጠዋት ቆሜያለሁ። ጭቃው በተሰነጠቀው ቆዳዬ ገባ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው።

የልጁ ሽማግሌዎች በመጡ ዕለት ጓዳ አስገብተው መጋረጃ ጣሉብኝ። «ዓይናዲስ አዲስ አበባ ናት» ተብሏል። የልጁ እናት ቤቱን በሴት ዓይን ለማየት አብረው መጥተው ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ «ከደጅ ቆመን ቤት ሽተን መጥተናል» ሲሉ፣ ወዲህ እኔ መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ብሽሽቴ ውስጥ ንፍፊት ድንጋይ አክሎ ወጣ። እግሬ እስከ ጉልበቴ ቀልቶ ይነድዳል። ብርድ ልብሱን ነክሼ ቻልኩ፣ ቻልኩ፣ ከዚያ ሊያስመልሰኝ መጣ። እንግዲህ ምን ላድርግ? በጓሮ በር በአንድ እግሬ እየዘለልኩ ወጣሁ። የልጁ እናት ጓሮውን እያዩ ቆመዋል።

እግሬን አዩት። የተጸየፉ አልመሰለኝም። ለረጅም ጊዜ፣ የሚያውቁትን ሰው ገበያ ላይ እንዳገኘ ሰው ነው ያዩት። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ስበው ገቡ።

በሳምንቱ መልእክት መጣ፦ «ዘር ሳንቆጥር ቸኩለን ነበር፤ ቆጥረን እንመለሳለን።» አልተመለሱም።

ውባለም ሦስት ቀን ዝም ብላ በአራተኛው ቀን ተናገረች። «አንቺ በሕይወትሽ አንድ ቀን እንኳ አርፈሽ አልተቀመጥሽም። ያን ቀን ብቻ፣ ያን አንድ ቀን ብቻ ብትቀመጪ ምን ነበር?»

«እየሞትኩ ነበር!»

«ብትሞቺም ጓዳ ትሞቺ ነበር።»

አልፈርድባትም። አሁን አልፈርድባትም። ያኔ ግን ራኬቴን ይዤ በማግስቱ ወጣሁ። መንገዱ ሰሞኑን ሲዘጋ ሲከፈት ስለነበር ፍኖተ ሰላም ለመድረስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የተማሪነት ዘመን አከራዬ አስገባችኝ። የውድድሩ ምርጫ ሦስት ወር ቀርቶት ነበር። ትኩሳቱ ለቀቀኝ፣ እብጠቱ ግን አልወረደም። ያኔ ነው የፈራሁት። ሁለተኛ አልጫወትም ብዬ አይደለም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ጓዳ ነው የምኖረው ብዬ።

የማዋየው ሰው አልነበረኝምና ጫማ ልገዛ ገበያ ወጣሁ። ሸራ ዘርግታ ጫማ የምትሸጥ ወፍራም ሴት ነበረች። «አርባ አምጪልኝ፣ ሠላሳ ስምንትም» አልኳት።

«ለሁለት ሰው ነው?»

«አዎ።»

ወደ እግሬ አየች፣ ወደ ፊቴ አየች። «ውሸታም» አለችኝና ከኋላዋ አንድ ጆንያ ጎተተች። ጆንያው ሙሉ ነጠላ ጫማ ነው፤ ግራ ብቻ፣ ቀኝ ብቻ። «ቀኝ አርባ፣ ግራ ሠላሳ ስምንት። ይኸው፣ እንደ አንድ ጥንድ ውሰጂው።»

«ይሄ ሁሉ ነጠላ ጫማ ለማን ነው?»

«ላንቺ ቢጤ ነዋ። ብቻሽን መሰልሽ እንዴ? እህቴ፣ ዝሆኔ እኮ ነው። ሐሙስ ሐሙስ ጤና ጣቢያ ያጥባሉ፣ ሂጂ። ያንቺ ገና ልጅ ነው፣ ይመለሳል።»

ዋጋ እንደምትናገር ነው የተናገረችው። ጮክ ብላ፣ በገበያ መሐል። ከአጠገባችን ሽንኩርት የምትሸጠው ሴት እንኳ ቀና አላለችም። ዓመት ከመንፈቅ ሐኪምም፣ ወጌሻም፣ ወላጅም ያላወጡትን ስም ጫማ ሻጭ አወጣችልኝ። ቆሜ አለቀስኩ። «ጫማውን ልትገዢ ነው ወይስ ልታለቅሺ?» አለችኝ። ሁለቱንም አደረግሁ።

ሐሙስ ሄድኩ። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ዋርካ ጥላ ሥር አግዳሚ ተደርድሯል፤ በየሰው ፊት ሳፋ አለ። ሲስተሯ ፈጣን አንደበት ያላት ሴት ናት። እንደነገረችኝ አስረዳለሁ። ይህ በሽታ እርግማን አይደለም፣ ቡዳ አይደለም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቀይ አፈር ውስጥ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር አለ። በባዶ እግር ዓመት ከዓመት ሲረገጥ በቆዳ ይገባል፤ ውስጥ ውስጡን የሰውነትን ፈሳሽ የሚመልሱትን ቀጫጭን መተላለፊያዎች ይዘጋል። ፈሳሹ መመለሻ ሲያጣ እግር ያብጣል። «ዘር አይደለም ወይ?» አልኳት። «አንዳንድ ቤተሰብ ቶሎ ይይዘው ይሆናል» አለችኝ፤ «ግን አፈሩን ካልነካ ማንንም አይዘውም። ዘር ስትቆጥሩ ከምትውሉ ጫማ ብትቆጥሩ!»

መድኃኒቱስ? እግርሽን በየቀኑ በሳሙና ታጥቢያለሽ። ትንሽ ጠብታ በረኪና በገባበት ውሃ ትዘፈዝፊዋለሽ፤ መጠኑን እነሱ ያሳዩሻል፣ በራስሽ አትሞክሪው። በጣቶችሽ መካከል ሳይቀር ታደርቂያለሽ። ቫዝሊን ትቀቢያለሽ። በፋሻ ከጣት ወደ ላይ ታስሪያለሽ። ስትተኚ እግርሽን ከፍ ታደርጊያለሽ። ካልሲና ጫማ፣ ሁልጊዜ።

«በቃ?» አልኳት።

«በቃ።»

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣ። ሳሙና! የእናቴ ቤት ሳሙና አጥቶ አያውቅም። ሳፋውም ነበር። ዓመት ከመንፈቅ የጎደለኝ መድኃኒት አይደለም፤ አፍ ያለው ሰው ነው።

ሲስተሯ ቁርጭምጭሚቴን በሜትር ለክታ በየሳምንቱ በደብተር ትጽፋለች። በሦስተኛው ሐሙስ ሁለት ጣት ያህል ጎድሎ ነበር። ያን ቀን ነው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ ሴት ከአጠገቤ ባለው ሳፋ ፊት የተቀመጡት። ካልሲ ሲያወልቁ እግራቸው ከእኔ በብዙ የባሰ ነው፤ የቆየ፣ የከበደ። «ሳሙናውን አቀብይኝ ልጄ» ሲሉ ድምፃቸውን አወቅሁት። ከመጋረጃ ወዲያ የሰማሁት ድምፅ ነው። የውባለም አማት ሊሆኑ የነበሩት ሴት።

ሳሙናውን አቀበልኳቸው። ያኔ እሳቸውም አወቁኝ።

«ከከተማዬ ወጥቼ እዚህ የምመጣ እኮ የሚያውቀኝ እንዳያይ ብዬ ነው» አሉ።

«እኔ አውቅዎታለሁ።»

«አደራሽን ልጄ። አላየሁም በይ።»

«አንቱ አይተውኝ የለ? አላየሁም ብለዋል?»

 ውሃው ውስጥ ያለውን እግራቸውን እያዩ «ልጄን አስቤ ነው» አሉ። «ሁለታችን ቤት ውስጥ ካለ፣ ከሁለት ወገን ከመጣ፣ የልጅ ልጆቼ ምን ይሆናሉ ብዬ ነው።»

«ጫማ ያደርጋሉ» አልኳቸው።

ሳቁ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። ሲስተሯ መጥታ «ምንድን ነው ወሬው? ጣት መሐል አድርቁ!» ብላ ጮኸችብን። ተጎንብሰን አደረቅን። አደራቸውን አልተቀበልኩም፣ እምቢም አላልኩም። ስማቸውን ያልጻፍኩት ለዚያ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ዝምታ ግን ከእኔ አይገኝም። ለውባለም ነግሬያታለሁ። መጀመሪያ አላመነችኝም። ከዚያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ልጁ ያኔ ከሩቅ አገር ሌላ አጭቶ ነበር፤ ዘሯ ተቆጥሮ ንጹሕ የተባለች። ንጹሕ። ያን ቃል እንደጠላሁት ነግሬያችኋለሁ።

የእግሬ ነገር በአራተኛው ወር አለቀ። ሙሉ በሙሉ አላልኩም፤ ቀኙ ዛሬም ከግራው ወፈር ይላል፣ ፋሻ ካላሰርኩ ማታ ያስታውሰኛል። ግን ሁለቱም እግሮቼ አንድ ቁጥር ጫማ ይገባሉ። ጫማ ሻጯ ዘንድ ሄጄ የእሷን ነጠላ ጫማዎች መለስኩላት። «ለሌላ ይሆናል» ብላ ጆንያው ውስጥ ወረወረቻቸው።

ምርጫው ግን አንድ ወር አልፎታል። አዲስ አበባ ስደርስ አሰልጣኜ እንዳለው አልዋሸኝም። ቦታዬ ላይ ያለችው እኔ ራሴ ራኬት አያያዝ ያስተማርኳት ልጅ ናት። ተጫወትን። እግሬ ያዘልኝ፣ አልከዳኝም። የከዳኝ ያለፈው ጊዜ ነው። ኳሱ የት እንደሚወድቅ አውቃለሁ፤ ስደርስ ግን ሁለቴ ነጥሯል። ልጅቷ በጨዋነት እያዘነችልኝ አሸነፈችኝ። አሁን የክበቡ አባላት አለማማጅ ነኝ፤ ከወፍራም ነጋዴዎች ጋር ቀስ ብዬ እጫወታለሁ፣ አንዳንዴም ማሸነፍ እየቻልኩ እሸነፋለሁ። እንጀራ ነው። ናይሮቢ ግን በመስታወቱ ወዲያ ማዶ ቀረች። ገና ከጅምሩ ሳሙና ያቀበለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እያልኩ የማላስብበት ቀን የለም። ያቺን ሐኪም ሳስብ ደግሞ ቁጭቱ ወደ ራሴ ይዞራል። ከገጠር ነኝ። በባዶ እግሬ ነው ያደግሁት። ይኸው አልኩት፤ ጊዜው ካለፈ በኋላ። እናንተ ለሐኪማችሁ ጊዜው ሳያልፍ በሉት።

ባለፈው በዓል ቤት ገባሁ። አመሻሽ ላይ እንደ ልማዴ ሳፋዬን ይዤ ከደጃፉ ፊት፣ መንገደኛ በሚያይበት ቦታ ተቀምጬ እግሬን ታጠብኩ። እናቴ ከምሰሶው አጠገብ ቆማ ታየኛለች። ካልሲዋና የጎማ ጫማዋ እንዳሉ ናቸው። ውሃውን ደፍቼ ሌላ ለብ ያለ ውሃ ቀዳሁ፣ ወደ ቤት ይዤ ገብቼ ከዱካው፣ ከአጭሩ የእንጨት መቀመጫ ፊት አስቀመጥኩት።

«እማ፣ ነይ።»

«አልደከመኝም።»

«ደክሞሻል። እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ደክሞሻል።»

አባቴ ቀና ብሎ አየን፣ ከዚያ ተነስቶ ወደ ከብቶቹ ወጣ። እሱም ያውቅ ኖሯል ማለት ነው። እናቴ መጥታ ዱካው ላይ ተቀመጠች፤ ጫማዋን ለማውለቅ ጎንበስ አለችና መልሳ ቀና አለች።

«በሩን ዝጊው» አለችኝ።

«አልዘጋውም።»

«ዓይናዲስ። እባክሽ።»

እናቴ እባክሽ ብላኝ አታውቅም። ተነሳሁ። በሩን አልዘጋሁትም፣ እንደተከፈተም አልተውኩት፤ ገርበብ አደረግሁት። ያን ያህል ነው የቻልነው። ከዚያ ተንበርክኬ ካልሲዋን አወለቅሁ።